የሚስተር ሄንሪ የግራ እጅጌ

ሚኔሶታ ውስጥ፣ ስኔሊንግ አቨኒው በሚባል ጎዳና ላይ ባለ የልብስ ማጠቢያና ማስተካከያ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ካውያውን ማጥፋቴን ለማየት ከአውቶቡስ ፌርማታ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። በሁለተኛው ጊዜ የሱቁ ባለቤት እትዬ ብርቄ በሩን ሲቆልፉ ደረስኩባቸው።

«ዘነበች፣ ነገ ካውያውን ይዘሽው ሂጂ፤ አብራችሁ ታድራላችሁ» አሉኝ።

እሳቸው ይሳቁ እንጂ እኔ ሁለት ልጆች አሉኝ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ሥራ ካጣ ሌላ በቀላሉ አያገኝም። ስለዚህ ሁሉን ነገር ደጋግሜ ቼክ አደርግ ነበር።

ሥራው ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ የደንበኛው ትእዛዝ የተጻፈበትን ትኬት ልብስ ላይ ማያያዝ፣ ቀጥሎ መተኮስ፣ ከዚያ የሱሪ እግር ማሳጠር። ኮት የሚነካው እትዬ ብርቄ የፈቀዱለት ብቻ ነው። እኔ የተፈቀደልኝ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ ትኬቱ ላይ ያልተጻፈ አይነካም።

ሚስተር ሄንሪ የመጡት በዚያው ዓመት፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። ኮሎምቢያ ሃይትስ በምትባል ጎረቤት ከተማ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ረጅም እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው በአገራቸው ፈረሰኛ ጦር አገልግለዋል። ያመጡትም የዚያን ጊዜ የክብር ልብሳቸውን ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ቀይ አንገትጌ፣ ብርማ ቁልፎች። በሕይወት የቀሩት ጓደኞቻቸው እንግሊዝ አገር ሊሰበሰቡ ነው። ትኬቱ ላይ «ወገቡ ሁለት ጣት ይለቀቅ» ተብሎ ተጻፈ።

ገበሩን ፈትቼ ወገቡን ለቀቅኩት። ጨርሼ ስሰቅለው የግራ እጅጌው ጫፍ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ቅድ አየሁ። ጠርዙ እንኳ አልተዘመዘመም። እኔ ቀደድኩት እንዳይሉኝ ፈራሁ። ደግሞም ሽማግሌው የተቀደደ ልብስ ለብሰው በጓደኞቻቸው ፊት ሲቆሙ ታየኝና አንጀቴ አልቻለም። ከገበሩ ሥር ከራሱ ከሱፉ ክር መዝዤ፣ በቀጭን መርፌ፣ ምሳዬን ሳልበላ ደፈንኩት። ስጨርስ ቦታውን እኔው ራሴ አጣሁት። እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊት ሠርቼ አላውቅም።

ሚስተር ሄንሪ ሊወስዱት መጡ። ለብሰውት ወገቡን ወደዱት። ከዚያ እጅጌውን አዩ፣ በጣታቸው ዳሰሱት፣ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

«ቅዱ የታለ?»

እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አደረግሽ?»

«ደፈንኩት።»

«ትኬቱ ላይ ነበር?»

«አልነበረም፣ እትዬ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተናገሩ፤ እትዬ ብርቄ ተረጎሙልኝ። ድሮ በአንድ ጦርነት ላይ የፈረሰኛው ጦር አዛዥ የቆሰለ ፈረስ እግር ለማሰር የገዛ እጅጌውን በጎራዴ ቀዷል። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ጦር የገባ ሁሉ የግራ እጅጌው ይቀደዳል። ቀዳጁ በዕድሜ ትልቁ ወታደር ነው። የእሳቸውን የቀደዱት ፈረስ መጋለብ ያስተማሯቸው ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ ከሞቱ ቆይተዋል።

እትዬ ብርቄ መቀስ አነሱ። «አሁን በአንድ ደቂቃ እቀደዋለሁ።»

«አይሆንም» አሉ ሚስተር ሄንሪ። «እኔ የምፈልገው የእሳቸውን ቅድ ነው።» በረራቸው በማግስቱ ጠዋት ነበር።

እጅጌውን ገልብጬ አየሁት። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ፈሪ ስለሆንኩ የሰው ጨርቅ ቆርጬ አልጥልም። ሌላ ልብስ ሰፊ ቢሆን የተተለተለውን ጠርዝ በመቀስ አስተካክሎ ነበር የሚደፍነው። እኔ ብጥስጣሽ ክሩን እንኳ ሳልቆርጥ ወደ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

«ጠርዙ እዚያው አለ፤ እፈታዋለሁ በሉልኝ» አልኳቸው እትዬ ብርቄን።

በመርፌ ጫፍ፣ በማጉያ መነጽር፣ አንድ በአንድ ፈታሁ። ሚስተር ሄንሪ ከፊቴ ተቀምጠው፣ እትዬ ብርቄ እየተረጎሙልኝ፣ ስለ ጦሩ አወሩ። ፈረሱ ሳይጠጣ ወታደሩ አይጠጣም። ፈረስ የሞተበት ሰው ሳምንት ሙሉ ኮርቻውን ተሸክሞ በእግሩ ይሰለፋል። ሃምሳ አለቃው ጠዋት ጠዋት ፈረሱን በነጭ መሐረብ ያሹታል፤ መሐረቡ ከቆሸሸ ለባለፈረሱ ቁርስ የለም።

«ልክ እንደ እትዬ ብርቄ» አልኩ።

«እኔ መቼ ቁርስ ከለከልኩሽ?» አሉ እትዬ፤ ግን ተረጎሙላቸው። ሽማግሌው ሳቁ።

ሱቁ ሊዘጋ ሲል ቅዱ ተመለሰ። አንዲት ክር ብቻ ሱፉ ውስጥ ገብታ እምቢ አለች። ብስባት ጠርዙን ይዛው ትወጣለች። ሚስተር ሄንሪ እጄን ያዙኝ።

«ተያት። ከጠየቁኝ፣ ሚኔሶታ ያለች ልብስ ሰፊ የተወቻት ክር ናት እላለሁ።»

ሲመለሱ ፎቶ አመጡልኝ። ሰባት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ሰባቱም እጅጌያቸው የተቀደደ። «ክሯን ሁሉም አይተዋታል» አሉኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጃቸው ያንኑ ልብስ ይዛ መጣች። አባቷን ልትቀብር ነው። ትኬቱ ላይ «መተኮስ» ብቻ ተጻፈ። እጅጌውን ገልጬ አየሁ፤ ክሯ እዚያው ነበረች። ተኮስኩት፣ ሌላ ምንም አልነካሁም።

አሁን ዓይኔ ደክሞ ሥራውን ትቻለሁ። ለምትጀምሩት የምለው ይህን ነው፦ የተቀደደ ስታዩ መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቁ። ስትሰፉም ነገ ሊፈታ እንዲችል አድርጋችሁ ስፉ።