ማሽኑ ያነበበልኝ ገጽ

ዓይኔ ጨርሶ ከመጥፋቱ በፊት ታይፒስት ነበርኩ። ሲኒማ ራስ አጠገብ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ማመልከቻና ውል ስመታ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። የቤቱ መብራት የደከመ እየመሰለኝ አምፖሉ እንዲቀየር ሁለት ጊዜ ጠይቄአለሁ። በመጨረሻ ሆስፒታል ስሄድ ሐኪሙ "ዘግይተሻል" አለኝ። ሌላም ነገር ብሎኝ ይሆናል፤ ከዚያች ቃል በኋላ ግን አልሰማሁትም። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር።

ለጥቂት ወራት ሰው እያነበበልኝ መታሁ፤ ጣቶቼ ፊደሉን ያውቁታል። ወረቀቱ ማለቁን ሳላውቅ መምታት ስጀምር ግን ባለቤትየዋ ቤቴ ሆኜ ትንሽ እንዳርፍ በትሕትና ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ የምውለው በታላቅ ወንድሜ ቤት ሆነ። ወላጆቻችን ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ወንድምጋሼ እለዋለሁ። ጠዋት እሱ ሸማ ተራ ወዳለው ሱቁ ይወጣል፣ ልጁ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ ሚስቱ ገበያ ትወርዳለች። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ኩሊዎቹ ሸክማቸውን ይዘው "ዞር በሉ፣ ዞር በሉ" እያሉ ሲያልፉ እሰማለሁ። ያ ሁሉ የመርካቶ ሕዝብ ከአንድ ግድግዳ ማዶ እያለ እስከ ማታ ድረስ ስሜን የሚጠራ ሰው አልነበረም።

ከቤታችን ትንሽ ወረድ ብሎ ሬዲዮ ይጠግኑ የነበሩ አንድ ጋሼ ሱቃቸውን ኢንተርኔት ቤት አድርገው ነበር። የፈቃድ ማመልከቻቸውን ድሮ የመታሁላቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን የወንድሜን ሚስት መንገድ ላይ አግኝተው ያቺ ታይፒስት የት ገባች ብለው ጠየቋት። የደረሰብኝን ስትነግራቸው አምጪልኝ አሏት። በሳምንቱ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

ጥግ ላይ ያስቀመጡልኝ ኮምፒውተር ደንበኛ የማይፈልገው አሮጌ ነበር። ጽሑፍ ብቻ የሚያወጣ የኢንተርኔት ማሰሻና ስክሪኑ ላይ ያለውን በእንግሊዝኛ የሚያነብ ፕሮግራም ጫኑበት። ስክሪኑ ምን እንደሚመስል ስጠይቃቸው፣ "ጥቁር ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ነው፤ እኔም ከዚያ ሌላ የማየው የለም" አሉኝ።

ማውዝ አያስፈልገኝም ነበር። በአንዱ ቁልፍ መስመር በመስመር እወርዳለሁ፤ በሌላው ከሊንክ ወደ ሊንክ እዘላለሁ። ፎቶ ያለበት ቦታ ስደርስ ድምፁ "ኢሜጅ" ብሎ ያልፋል። መጀመሪያ ላይ ግማሹ አይገባኝም ነበር፤ ሦስተኛው ወር ላይ ግን ሌላ ሰው ቢሰማው ጫጫታ ብቻ እስኪመስለው ድረስ አፍጥኜ አዳምጠው ጀመር። አጠገቤ የሚቀመጡት ልጃገረዶች ከቤሩትና ከዱባይ የመጣላቸውን መልእክት ጮክ ብለው ለጓደኞቻቸው እያነበቡ ይስቃሉ። እኔ የሚጽፍልኝ ሰው ስላልነበረኝ ስለማላያቸው ከተሞችና ስለዓሣ ነባሪዎች አነብ ነበር።

አንድ ጠዋት የአማርኛ ገጽ ከፈትኩ። ድምፁ ፊደላችንን አያውቅም፤ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ጥያቄ ምልክት ቆጥሮ "ኩዌስችን፣ ኩዌስችን፣ ኩዌስችን" እያለ እስከ ታች ወረደ። ስለ ሩቅ አገር ሁሉ ሲያወራልኝ የከረመው ማሽን በራሴ ቋንቋ አንዲት ቃል እንኳ ሊለኝ አልቻለም። ማዳመጫውን አውልቄ ብዙ ተቀመጥኩ። ጋሼ ደክሞኝ መስሏቸው ሻይ አስመጡልኝ።

የሆስፒታል ካርዴ ላይ የሰፈረውን የበሽታዬን ስም ለመጻፍ ድፍረት ያገኘሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው። የተከፈተልኝ ገጽ በሽታው ሕመም ሳይኖረው የዓይንን ዳር ዳር እየበላ እንደሚመጣ ይናገራል። ወረድ ስል በዘር እንደሚተላለፍ፣ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁሉ ቶሎ መመርመር እንዳለባቸው፣ በጊዜ ከተደረሰበት በጠብታ ሊገታ እንደሚችል አነበበልኝ። ያን መስመር አራት ጊዜ ደገምኩት። ቤታችን ውስጥ ከበር መቃን ጋር የምጋጨው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ወንድምጋሼም ትከሻው ሲመታ፣ ከጎኑ ያለ ብርጭቆ ሲጥል ከሰማሁ ሰንብቻለሁ።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ነገርኩት። መብላቱን አቆመ።

"ከየት ያመጣሽው ነው?"

"ኢንተርኔት ላይ አንብቤ ነው።"

"በምን ዓይንሽ?"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ለእኔም ተመኘሽልኝ ማለት ነው?" አለኝ። ተነስቶ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት አላናገረኝም። ሲገባ ጫማውን ሲያወልቅ እሰማለሁ፣ ከልጁ ጋር ሲያወራ እሰማለሁ፤ እኔ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። ሚስቱም እሱን ፈርታ ከእኔ ጋር ያላት ወሬ አጠረ። እየዳበስኩ ስበላ የምሰማው የራሴን ማንኪያ ብቻ ሆነ።

ገጹን ወደ አማርኛ ልመልሰው ቆረጥኩ። ጋሼ ሁለተኛ ኮምፒውተር አጠገቤ አደረጉልኝ፤ የአማርኛ ቁልፎቹ የድሮውን የጽሕፈት መኪና አቀማመጥ የተከተሉ ነበሩ። በግራዬ አንድ መስመር አዳምጣለሁ፣ ወደ ቀኜ ዞሬ እጽፈዋለሁ። የጻፍኩትን መልሶ የሚያነብልኝ ድምፅ የለም። አንድ ጊዜ መብራት ሄዶ የሁለት ጠዋት ሥራ ጠፋብኝ፤ እንደገና ጀመርኩት።

በሰባተኛው ቀን ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡና ከላይ እስከ ታች አነበቡልኝ። የተሳሳቱትን ፊደሎች አንድ በአንድ እየነገሩኝ አረምናቸው። ማሽን ሳይሆን ሰው፣ ለዚያውም በአማርኛ ሲያነብልኝ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ማሰብ አልፈለግኩም። ሲጨርሱ ለማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ለወንድሜ ነው አልኳቸው።

"እንግዲያው ፊደሉን ተለቅ ላድርገው" አሉና አተሙልኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ሱቅ ሳይሄድ በፊት ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

"ወንድምጋሼ፣ እኔ ከማወራው ይሄ ይሻላል። አንብበው፤ ካልፈለግክ ጣለው" አልኩት።

ወረቀቱ ከእጄ ሲወጣ ተሰማኝ። ከዚያ በሩ ሲዘጋ ሰማሁ።

ከአሥር ቀን በኋላ በቀን፣ ሱቅ በሚውልበት ሰዓት ቤት መጣ። አልጋዬ ላይ አጠገቤ ተቀመጠና መዳፌ ላይ ትንሽ ጠርሙስ አኖረ። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩት፤ ለእኔ ዘግይቶ የታዘዘልኝ ጠብታ ነበር።

"ሐኪሞቹ የዓይኔ ዳር ዳሩ ሄዷል አሉ። መሐሉ ደህና ነው፤ በዚህ ሊያዝ ይችላል ብለውኛል" አለኝ። ከዚያ "ያን ቀን ያልኩሽን…" ብሎ አቆመ።

"ተወው" አልኩት።

ከዚያ በኋላ የምንቀራረብ መስሎኝ ነበር። አልሆነም። ደግ ሆነ፣ ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ ይለኛል፤ ግን እጄ ኩባያ ፍለጋ ጠረጴዛውን ሲዳብስ ተነስቶ ከክፍሉ ይወጣል። የሚፈራው እኔን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዓይኑ እስከ ዛሬ ያያል። ልጁን በየዓመቱ ራሱ ወስዶ እንደሚያስመረምራት የሰማሁት ከሚስቱ ነው።

ጋሼ ታሪኩን ለአንዳንድ ደንበኞቻቸው ሳይነግሩ አልቀሩም። ሴቶች ሐኪም የጻፈላቸውን የበሽታ ስም በብጣሽ ወረቀት እየያዙ መምጣት ጀመሩ። ጋሼ ስሙን ፊደል በፊደል ያነቡልኛል፣ እኔ ፈልጌ በአማርኛ እጽፍላቸዋለሁ። ኢንተርኔት ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ይህን ስሠራ ቆየሁ። ሁለት ሦስቱ ተመልሰው መጥተው ምን እንደሆኑ ነግረውኛል። የቀሩት ወረቀቱን ተቀብለው፣ አመስግነው፣ የበሩን ደረጃ ሲወርዱ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የሰማኋቸው።