ከወንፈል የቀረው ባለሀብት

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ጠዋት፣ ገና ቁርስ ሳልቀምስ የቀበሌው ሊቀመንበር ደወለልኝ። እኔ ማንኩሳ አካባቢ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ስልኬ በጠዋት ከጮኸ ወይ ስብሰባ አለ ወይ ጎብኚ እየመጣ ነው... የዚያን ቀኑ ግን ከሁለቱም ባሰ።

«የፍኖተ ሰላሙ ባለሀብት በርበሬውን እዚህ ሜዳ ላይ አስጥቶታል፣ ዝናብ ሊመጣ ነው ተብሏል። ለነገ አርባ ሰው አስወጣ» አለኝ።

«በዚህ የአጨዳ ሰዓት ማን ይወጣል?»

«ያልወጣ ሰው ማዳበሪያ ሲመጣ እንተያያለን በላቸው።»

እንዲህ ብዬ ለማስፈራራት አፈርኩ። ስለዚህ ጭራሽ የባሰ ነገር አደረግኩ... ቤት ለቤት እየዞርኩ «ወንፈል ነው» አልኳቸው። ለማያውቅ፣ ወንፈል ማለት ዛሬ እኔ ያንተን አጭድልሃለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ አንተ የእኔን ታጭድልኛለህ ነው። ፊርማ የለው፣ ምስክር የለው። ግን እዚህ አገር ተሠርቶለት ሲያበቃ ተራው ሲደርስ የጠፋ ሰው አይቼ አላውቅም። ቃሉን ሲሰሙ ማንም አላንገራገረም።

ማክሰኞ የራሳቸውን እህል ጥለው በርበሬ ሲሰበስቡ፣ በጆንያ እየሞሉ መጋዘን ሲያስገቡ ዋሉ። ምሳ የሚባል ነገር አልቀረበላቸውም። አንድ በርሜል ውሃ ነበረች፣ እሷም ቀትር ሳይሆን አለቀች።

አመሻሹ ላይ ባለሀብቱ ሠራተኞቹን ይዞ በፒካፕ መጣ። ሳቂታ ጎልማሳ ነው፣ ሲያዩት ክፉ አይመስልም። ሰዉ ወደየቤቱ ሲበተን አያ ፈንታሁን ብቻ ቀርተው ጠጋ አሉት። አያ ፈንታሁን ስድሳን ያለፉ፣ ከሁለት ጥማድ መሬት የማይበልጥ የጤፍ ማሳ ያላቸው ገበሬ ናቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው ዓመቱን የሚገፉት በዚያችው ጤፍ ነው።

«ጌታው፣ እንኳን በርበሬው ተረፈልዎት። የኔም ጤፍ ደርሷል... የሚመጣው ማክሰኞ ይመችዎታል?»

ባለሀብቱ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። «ወንፈል ነው ብዬ ነው የጠራኋቸው» አልኩት በቀስታ። ሳቀ... ከልቡ ሳቀ። ከዚያ አያ ፈንታሁንን ትከሻቸውን አቀፈና «ፋዘር፣ ሃያ ሰው ይበቃዎታል? እኔ ራሴ ማጭድ ይዤ እመጣለሁ!» አላቸው። አንዱ ሠራተኛው በስልክ ፎቶ አነሳቸው። አያ ፈንታሁን በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

አብረውት የመጡት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም ነበር፣ ያንን ልብ ማለት ነበረብኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ በደጃቸው በሞተር ሳልፍ ክው አልኩ። ሃያ ማጭድ ከየጎረቤቱ ተውሰው፣ ስለው፣ ማሳው ዳር ደርድረዋል። ባለቤታቸው እትዬ አገሬ ጠላ ጠምቀዋል፣ ብርጭቆና ሳህን ለቃቅመዋል። አያ ፈንታሁን የታጠበ ጋቢያቸውን ደርበው መንገድ መንገዱን ያያሉ።

«ጎረቤቶችዎስ የት አሉ?» አልኳቸው።

«የዛሬውን ተራ ለጥሩወርቅ ለቀቅሁላት እንጅ። ባሏ የሞተባት አይደለች? እኔማ ሃያ ሰው ይመጣልኝ የለ!»

ዘወር ብዬ ባለሀብቱ ጋ ደወልኩ።

«የቱ ፋዘር?» አለኝ።

አስታወስኩት። «ውይ! ቀልድ እኮ ነው ወንድሜ... የምር መስሏቸው ነው? እኔ አሁን ቡሬ ነኝ፣ በርበሬ እያስጫንኩ ነው። ፎቶውን ግን ፌስቡክ ላይ ለቀነዋል፣ ሰው እንዴት እንደወደደው! ልላክልህ?»

ላከልኝ። ከሥሩ «ከአርሶ አደሩ ጋር እጅ ለእጅ» የሚል ተጽፎበታል። ስልኬን ጭቃ ውስጥ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

በንዴት አንዱን ማጭድ አነሳሁ። በዕፅዋት ሳይንስ ዲግሪ አለኝ፣ ማጨድ ግን ሌላ ትምህርት ነው... ሁለት ሰዓት ሳልሞላ ወገቤ ተቆረጠ። አያ ፈንታሁን በዚያ ዕድሜያቸው የእኔን ሦስት እጥፍ አጨዱ። በየመሃሉ ቀና ይሉና መንገዱን ያያሉ። «አይመጣም» ልላቸው ስንቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ስም የለውም። ሲመሽ ከማሳው ሩቡን እንኳ አልጨረስንም።

ረቡዕ ከሰዓት ዝናቡ ከነበረዶው ወረደ። የደረሰ ጤፍ በረዶ አይችልም። ሲያባራ ብሄድ አገዳው ተኝቷል፣ ፍሬው ጭቃ ውስጥ ተበትኗል። የዓመት ቀለባቸው ያ ነበር። የጥሩወርቅ ጤፍ ግን ታጭዶ፣ ተከምሮ፣ ከላዩ ተሸፍኖ ነበር።

ትናንት ሁሉንም ነግሬያቸው ይቅርታ ልጠይቅ ቆርጬ ቤታቸው ሄድኩ። ወንፈል ነው ያልኳቸው እኔ ነኛ! «አያ፣ ስለዚያ ሰውዬ...» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

«እኔም እሱኑ ልጠይቅህ ነበር ልጄ። ደህና ነው ወይ? ሰው በጤናው ከወንፈል አይቀርም። አንድ ነገር ሁኖ ነው እንጅ።»

ፊታቸው ላይ ቂም ፈለግኩ፣ እርግማን ፈለግኩ... የለም። ጤፋቸው ሜዳ ላይ ቀርቶ እሳቸው የሚጨነቁት ለሰውዬው ነው። የተዘጋጀሁበትን ንግግር ሁሉ ተውኩት።

«አዎ... ትንሽ አሞታል» አልኩ።

«አላልኩሽም!» አሉ ወደ እትዬ አገሬ ዞረው። «ምስኪን! ቃሉን ሳይሞላ መቅረቱ ከበሽታው ብሶ ይከነክነው ይሆናል።»

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማር ይዘው ፍኖተ ሰላም ቤቱ ድረስ ሊጠይቁት ነው። ቤቱን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ መሪያቸው እኔ ነኝ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ... እስከ እሁድ ድረስ ሰውዬውን የምር እንዲያመው እየጸለይኩ ነው።