አንድ ስንዝር አየር

የእህቴ ባል ዩ ቦካይ ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚሁ ታይዋን፣ ካውሹንግ፣ የከተማ አውቶቡስ ሲያሰማራ ኖሮ፣ ቤት ከገባም በኋላ ማዘዙን አላቆመም። እኔ ከእነሱ በላይ አምስተኛ ፎቅ ስለምኖር ድምፁን ሳልወድ በመስኮት እሰማዋለሁ። ስለ እሱ ደግ ነገር አወራለሁ ብላችሁ አትጠብቁ።

ሳሎናቸው ጠባብ ነው። አንድ ጥግ ላይ የመስታወት በር ያለው ባለ ሦስት መደርደሪያ ቡፌ ቆሟል። ሁለቱን መደርደሪያ የቦካይ የአረቄ ጠርሙሶች ይዘውታል። አይጠጣቸውም፤ እንግዳ እንዲያይለት ነው። በቀረችው አንዲት መደርደሪያ ላይ ድምፅ የሚያጎላውን አምፕሊፋየር ከታች፣ የፊልም ማጫወቻውን በላዩ፣ የቴሌቪዥኑን የኬብል ሳጥን ደግሞ ከሁሉም በላይ ቆልሎ፣ አቧራ እንዳይገባ ብሎ መስታወቱን ይዘጋዋል። ያውም በሐምሌ፣ እዚህ አገር ሙቀቱ በሚያነድበት ወር!

እህቴ ሱዪን ሃያ ሁለት ዓመት ፋብሪካ ሠርታለች። ሥራዋ አዳዲስ አምፕሊፋየሮችን በጋለ ክፍል ውስጥ እያስጮኸች የትኛው እንደሚቃጠል መለየት ነበር። ጆሮዋን የበላባትም ያው ክፍል ነው። አሁን ሰው ሲያወራት ግማሹን አትሰማም። በዚያ አምፕሊፋየርና በትልልቆቹ ስፒከሮች ግን በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን የዜማ ቲያትር ጥርት አድርጋ ትሰማለች። ሌላ ደስታ የላትም።

አምፕሊፋየሩ በዘፈን መሃል እየጠፋ ሲያስቸግር፣ እንደ ልማዷ በልጃቸው ስም ጠርታ ነገረችው።

«የዌንቲን አባት፣ ይሄ ዕቃ ታፍኗል። ለብቻው መደርደሪያ ስጠው። ከላዩ አንድ ስንዝር አየር ይኑረው፣ በሩንም ክፈትለት።»

«ጠርሙሶቹንስ የት ላድርጋቸው? ራሴ ላይ?»

«አልጋ ሥር።»

«አልጋ ሥር! ሴትዮ፣ እኔ ስንት ሞተር ሲግል ያየሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ሙቀት አታስተምሪኝ።»

ሞተር ያየው በቢሮው መስኮት ነው። ያ እጅ አንድ ቀን ግራሶ ነክቶ አያውቅም።

ማሽን እንዳያምፅ አረንጓዴ እሽግ የበቆሎ ቺፕስ አጠገቡ ማስቀመጥ የሁላችንም ልማድ ነው። እኔም ስፌት መኪናዬ ላይ አለኝ፤ አልስቅበትም። አረንጓዴ ብቻ ነው የሚሆነው፣ የመጠቀሚያ ቀኑም ማለፍ የለበትም። ቦካይ ግን አንድ አልበቃውም። አራት እሽግ ገዝቶ በአምፕሊፋየሩና በማጫወቻው መሃል፣ ልክ መተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ላይ ጠቀጠቃቸው። ወርጄ ሳይ ደሜ ፈላ።

«አንተ፣ አፍንጫውን እኮ ነው የደፈንከው!»

«እትዬ፣ እርስዎ ስፌትዎን ይስፉ። ማሽን አክብሮት ይፈልጋል።»

«ሚስትህስ?»

ጠርሙሶቹን መወልወል ጀመረ።

ሱዪን ሁለት ጊዜ እሽጎቹን አወጣቻቸው፤ ሁለት ጊዜ መለሳቸው። በሦስተኛው መስታወቱን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

ሐሙስ ዕለት ቁልፉን እንደያዘ መናፈሻው ቼዝ ሊጫወት ሄደ። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ እኔ ቤት ድረስ መጣ። እየሮጥኩ ስወርድ ሱዪን የቡፌውን በር በጥፍሯ ትታገላለች። መስታወቱን በመጥረጊያው እንጨት ሰበርኩት። የኬብል ሳጥኑ ተርፏል። ማጫወቻውን ስናነሳ ግን እሽጎቹ ቀልጠው አምፕሊፋየሩ ላይ ተጣብቀዋል። እህቴ ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«አለቀለት» አለች።

ቦካይ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቀው «ጠርሙስ ተሰበረ?» ብሎ ነው። ቀጥሎ አንዱን የተጨማተረ እሽግ አንስቶ ቀኑን ፈለገ።

«ይኸው! አልፎበታል! ባለሱቋ አታላኛለች!»

እንዲህ ያለ ሰው ጋ ነው እህቴ አርጅታ የቀረችው። ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ዜማው አላለቀም፤ ተዋናይዋ ረጅም እጅጌዋን እያወናጨፈች አፏን ትከፍታለች። የቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ ለሱዪን ጆሮ እንደሌለ ነው። ቦካይ እንባዋን አየ። ይቅርታ ይጠይቃታል ብዬ ጠበቅኩ፤ እኔም ሞኝ ነኝ።

«ምን ያስለቅስሻል?» አላት። «ቃሉ ከታች ተጽፎልሽ የለም እንዴ? አንብቢዋ!»

ከንፈሩን አይታ ተረዳችው።

«ዘፈን ይነበባል?» አለችው።

ሪሞቱን አንስቶ ወደ ዜና ቀየረው።