የለችም

ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን ምንጭ በኩል ሳልፍ አዲስ ሰሌዳ ተተክሎ አየሁ። ቀለሙ ገና ይሸት ነበር። የተጻፈውን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ጠፋ።

በንጉሡ ዘመን አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ቴፕ አንግቶ ሰቆጣ መጣና የአገሩን ቦታዎች ስም በቋንቋችን በኽምጣንጋ ልቅዳ አለ። ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ፤ ለእሱና ለአያቴ አስተርጓሚ ሆንኩ። አያቴ አማርኛውን አሳምረው ያውቁታል። ያን ቀን ግን አንድም ቃል የማይገባቸው መስለው፣ ዓይናቸውን ከሚሽከረከረው የቴፕ ክር ሳይነቅሉ ተቀመጡ።

«አባባ፣ ይቺ ምንጭ ማን ትባላለች?» አለ እንግዳው።

አያቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው በኽምጣንጋ «የለችም» አሉ። እንግዳው ስሟ መስሎት ቃሉን ደስ ብሎት ደገመው። አፌን ልከፍት ስል አያቴ ገላመጡኝ።

ሲሄድ ለምን እንደዋሹት ጠየቅኳቸው።

«ማን ላከው? ዛሬ ስሟን የጠየቀ ነገ ለግብር መለኪያ ቀላድ ይጥልባታል። የሌለች ምንጭ ማን ይለካል?»

አሁን ያ እንግዳው የቀዳው ቃል እንደ ስሟ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ ውሃው ይወርዳል። የዛሬ ልጆች ሌላ ስም አያውቁላትም።

ውሃ ልትቀዳ የመጣች ወጣት ጠጋ አለችኝ። «እማማ፣ የድሮ ስሟን እርስዎ ያውቁታል አሉ። እስኪ ይንገሩኝ» ብላ ስልኳን ወደ አፌ አስጠጋች። ድምፄን እየቀዳች ነበር።

ስሙ ምላሴ ላይ ነበር።

«ማን ላከሽ?» አልኳት።