ከጓሯችን የወጣው ጠገራ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ አንድ ያረጀ የነሐስ መቅረዝ በሎሚና በአመድ ስትፈትግ፣ የሎሚውና የብረቱ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫዬን ሲመታው፣ የሰበታው ቤታችን ጓሮ ከነህዳር ብርዱ መጣብኝ።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከመንዝ መጥቶ ሰበታ ላይ ጨውና ላምባ ይሸጥ የነበረው አባቴ፣ እናቴ ከሩቅ ምንጭ ውሃ ስትቀዳ ወገቧ ስለተጎዳ ጓሯችን ውስጥ ጉድጓድ ሊያስቆፍርላት ቆረጠ። የሚቆፍሩት ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ፤ እያንጎራጎሩ ይቆፍሩና ሲደክማቸው እኔን በኦሮምኛ "ኢንተላ ኮ"፣ ልጄ፣ ብለው አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ ጅብ እያወሩ ያስቁኛል። አንድ ቀን ከጉድጓዱ ውስጥ አረንጓዴና ጥቁር ዝገት የበላው ክብ ነገር ወረወሩልኝ። አባቴ የጣሊያን ካፖርት ቁልፍ ነው አለ፤ ኦቦ ቶሎሳ የበቅሎ ጌጥ ነው ብለው ተከራከሩት፤ እናቴ ሁለቱንም አላመነችም፣ ሎሚ ጨምቃ በሸክላ ዘፈዘፈችው እንጂ።

በማግስቱ፣ ህዳር ሚካኤል ዕለት፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ በጭስ ታፍኖ ሳለ አባቴ ዝገቱን በጨርቅ ማሸት ጀመረ። መጀመሪያ ጆሮ ወጣ፣ ከዚያ አገጭ፣ ከዚያም አፍንጫዋን ዝገት የበላው የሴት ፊት። ጠገራ ብር ነበር፤ ከራሷ በላይ ለማንጠልጠያ ተበስቷል። ኦቦ ቶሎሳ ቀዳዳውን ሲያዩ ማንጎራጎራቸውን ተዉ፤ "ይሄ የአንገት ነው" አሉና ዶማቸውን ከጉድጓዱ አውጥተው መቆፈሩን አቆሙ።

ያን ጊዜ ነው ከጭሱ ውስጥ አንዲት ጠና ያለች የማናውቃት ሴት ብቅ ያለችው። "አካም ኦልተኒ" ብላ እንደምን ዋላችሁ አለችንና ከአጥሩ ውጭ ቆመች፤ እጇ አንገቷን ይዟል።

"ከትናንት ጀምሮ እዚህ ጋ ብረት ይቀዘቅዘኛል" አለች። "ወደዚህ በመጣሁ ቁጥር ይብስብኛል። የእህቴን ጠገራ አግኝታችኋል?"

ስለ ጠገራው ለማንም አልነገርንም ነበር።

"ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት አለው። ልጆች ሆነን ተጣልተን የነከስኩት እኔ ነኝ።"

አባቴ አንዴም ሳያያት ጠርዙን ማሸት ቀጠለ። የቀረው ዝገት ሲለቅ ትንሽ ስርጉድ ታየች። አባቴ ጨርቁን አስቀመጠ።

እህቷ በህዳር በሽታ ሞታ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ታሞ ተኝቶ ስለነበር ያልታወቁ ሰዎች የትም እንደቀበሯት ነገረችን። አባቴ ጠገራውን ቢዘረጋላትም አልተቀበለችም።

"የእሷ ነው። አንገቷ ባዶ አይቅር፤ መልሱላት" አለች።

ኦቦ ቶሎሳ ጠገራውን በእጃቸው መልሰው አኖሩትና ጉድጓዱን ደፈኑት። ሴትዮዋ እጇን ከአንገቷ አውርዳ በረጅሙ ተነፈሰች፤ በጭሱ መሀል ሄደች፤ ዳግም አላየናትም። እናቴ ወደ ምንጩ መመላለሷን ቀጠለች፤ አንድ ቀንም አልተማረረችም፤ በዚያ ቦታ ስታልፍ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ደህና ዋልሽ" ትል ነበር፤ እኔም መልስ እንዳልሰማ ፈጥኜ አልፍ ነበር።

ዛሬ ቤታችን የለም፤ በዚያ በኩል የፋብሪካ ግንብ ረጅም ሆኖ ቆሟል። አባቴም እናቴም ኦቦ ቶሎሳም አልፈዋል። አምና ሄጄ ግንቡን ተከትዬ ወጣሁ፣ ወረድኩ፤ ጓሯችን የት ጋ እንደነበር መለየት አቃተኝ። እንደ እናቴ ሟቿን ሰላም ልላት አፌን ስከፍት፣ ያን ዕለት ከመካከላችን የሟቿን ስም የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ ገባኝ።