እብጠቱ ከጠፋ በኋላ

የዓለምዘርፍ በሚዛን ከተማ ገበያ ኮረሪማ ስትሸጥ አፏ አያርፍም። የደንበኛውን አነጋገር ቀድታ በራሱ ድምፅ ስትመልስለት፣ ኮረሪማ ያልፈለገውም ስቆ ይገዛታል። በ2009 መግቢያ ላይ ግን መንጋጋዋ አበጠ። ጥርስ ነው ተባለ። ጎረቤት ከተማ አማን ያለች የጥርስ ትል አውጪ ጭስ ላይ ደፋቻትና ትል የመሰለ ነገር አሳየቻት። እብጠቱ ንቅንቅ አላለም። ጥርሷ ቢነቀልም ድዷ አልገጥም አለ።

በመጨረሻ ጅማ ሄደች። ከድዷ ቆርጠው መረመሩና ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው አሏት።

«እሞታለሁ?» አለችው መነጽር ያደረገውን ሐኪም።

«መንጋጋዎ ላይ ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ አልሄደም። ስድስቱን ዙር መድኃኒት ከጨረሱ የመዳን ዕድልዎ ሰፊ ነው። እብጠቱ ግን ቶሎ ይጠፋል፤ ያኔ ድኛለሁ ብለው እንዳይቀሩ። ከተመለሰ ይከብዳል።»

እንዳለውም በመጀመሪያው ዙር ፀጉሯ ረገፈ፣ እብጠቱም እንደ ቅቤ ቀለጠ። ጎረቤቷ እትዬ በየነች እልል አሉ። ጣጣው ስለቷ ነበር። «ከዳንኩ ለሚካኤል ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላለች፤ የኅዳር ሚካኤል ደግሞ ከሁለተኛው ዙር ቀጠሮ ጋር ገጠመ።

«አድኖሽ ሳለ መርፌ ፍለጋ መሄድ እሱን መጠራጠር ነው» አሉ እትዬ በየነች።

ባሏ ባየም፣ «ሲያስታውክሽ ከርሞ አሁን ገና እህል ቀመስሽ። በቃሽ እንጂ» አለ።

የሌላትን መነጽር ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ በሐኪሙ ድምፅ፣ «አቶ ባየ፣ የጠፋው እብጠቱ ነው፣ በሽታው አይደለም» አለችው። ባየ ሳይወድ ሳቀ። እትዬ አልሳቁም።

«በሚካኤል ትቀልጃለሽ?»

«ኧረ እሱንስ አልደፍረውም። ከዳንኩ ነው ያልኩት፣ እትዬ። ገና ሳልድን ጃንጥላ ይዤ ብሄድ እሱን መዋሸት አይሆንብኝም?»

በዋዜማው ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ የጅማን አውቶብስ ተሳፈረች። በሦስተኛው ዙር አፏ ቆሳስሎ በአጥሚት ከረመች፤ ገበያ ላይም ዋጋ በጣቷ ታሳይ ነበር። ለአራተኛው ባየ ራሱ ቦርሳዋን ተሸክሞ አብሯት ሄደ።

ስድስቱን ዙር ጨርሳ በሰኔ ሚካኤል ጃንጥላውን አስገባች። እትዬ በየነች ደጀሰላሙ ጋ ጠበቋት።

«አሁንስ ዳንሽ?»

«‹ለጊዜው ምንም አይታይም፤ በየሦስት ወሩ ግን ይምጡ›» አለች፣ ያንኑ የሌላትን መነጽር ገፋ አድርጋ።

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ለመስከረሙ ቀጠሮ እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ።