ራግቢ ሜዳ ገብቼ የገላገልኩ ዕለት

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ 2021፣ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ቅጠል መርገፍ በጀመረበት ሰሞን ነው። ትዝ ሲለኝ አሁንም ፊቴ ይግላል። አንዳንዴ ደግሞ መኪና እየነዳሁ ብቻዬን እስቃለሁ። ያን ቀን እንደዚያ ባላፍር ኖሮ ግን ልጄን በደንብ አላውቃትም ነበር።

ልጄ ሰሚራ ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። የምንኖረው ካናል ዊንቸስተር ነው። እኔ እዚያው ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ፣ እሷ ሂሊያርድ ያለ ቢሮ ትሠራለች። ሁለት ወር ያህል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ "ጂም ነኝ" ብላ ትወጣና ሰውነቷ በልዞ ትመለስ ጀመር። አንድ ሳምንት ክንዷ፣ አንድ ሳምንት ጭኗ። ስጠይቃት "በር መታኝ" ትለኛለች። በመጨረሻ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ መጣች።

"ይሄስ?" አልኳት።

"ዕቃ ወድቆብኝ ነው፣ ማሚ። አይም ፋይን።"

እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለውን በር አውቀዋለሁ። እጅ ያለው በር ነው። አንዱ ጎረምሳ እየደበደባት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ከዚያ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተከተልኳት። ያንን ሰው ሳገኘው የምለውን ሁሉ መንገድ ላይ እየተለማመድኩ ነበር። መብራት ላይ አመለጠችኝ። ሰፈሩን ስዞር፣ ስዞር ቆይቼ መኪናዋን አንድ የሣር ሜዳ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ወርጄ ሄድኩ።

ልጄ በቁምጣ ትሮጣለች። ሦስት ግዙፍ ሴቶች አንቀው ጣሏት፤ ሌሎቹም እየመጡ ላይዋ ላይ ተከመሩ። ዳር የተቀመጠው ሰው ደግሞ ያጨበጭባል። ለካ የሚደበድባት አንድ ሰው አልነበረም፤ በቡድን ነበር!

እኛ ዘንድ ሴት ነጠላዋን በጠበኞች መሀል ካነጠፈች ማንም ረግጦ አያልፍም። ደሴ እያለሁ ሰፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ነጠላዬን ከትከሻዬ ላይ መንጭቄ ሜዳው መሀል ገባሁ።

"ተዉ! በጠባችሁት ጡት! ለአንዲት ልጅ ስንት ናችሁ?" ብዬ ነጠላዬን መሀላቸው አነጠፍኩት።

ፊሽካ ተነፋ። ሴቱ ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ። ደንቡ አሜሪካም ይሠራል ብዬ ደስ አለኝ።

ሰሚራ ከክምሩ ሥር ወጥታ አፏ ውስጥ ያለውን የጥርስ መከላከያ አወጣች።

"ማሚ! ኦ ማይ ጋድ! ኢትስ አ ጌም!"

"የምን ጌም? ዓይንሽን አይቼው የለ!"

"ራግቢ ነው! ኳስ የያዘ ሰው ይጣላል! ስኮር ላደርግ ነበር!"

ዳኛዋ ነጠላዬን አንስታ፣ አጣጥፋ ሰጠችኝና ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ። እስክወጣ ድረስ ተጋጣሚዎቹ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፤ የሰሚራ ቡድን ለጥቂት ተሸነፈ።

ሲያልቅ ሰሚራ መጥታ ፊቴ ቆመች። "ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጪ" አለችኝ። ልጄ ጥርት ያለ አማርኛ የምትናገረው ስትናደድ ብቻ ነው።

ልሄድ ስል አንድ ጉልበቱን የሚያነክስ ፈረንጅ ሽማግሌ አስቆመኝ። ክለቡን ከመሠረቱት አንዱ ነው አሉ። ልማዳቸው ሆኖ ከጨዋታ በኋላ ሁለቱም ቡድን ባንድ ቤት አብሮ ይበላል፣ ሜዳ ላይ ያጠፋ ሰውም ለቀልድ ይዳኛል። የዚያን ቀን ተከሳሿ እኔ ሆንኩ።

ይዘውኝ የገቡበት ቤት ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የድሮ ወንድና ሴት ተጫዋቾች ፎቶ ነው። ሽማግሌው ጠረጴዛ መትቶ ክሱን አነበበ፤ ያለ ማሊያ ሜዳ መግባትና በጨርቅ ጨዋታ ማስቆም። ቅጣቱ ቢራ በጫማ ቀድቶ መጠጣት ነው።

"ቢራ አልጠጣም" አልኩ። "በጫማማ ውሃም አልጠጣም!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰሚራ ግን ጥጉን ይዛ ሳንድዊቿ ላይ አቀርቅራለች።

"ከእሷ በፊትም አንዲት እናት ሜዳ ገብታ ታውቃለች" አለ ሽማግሌው። "የኔ እናት። ክለቡ ገና ሲጀመር ነው። በጃንጥላ ሦስት ሰው መታች። እኔም አፍሬ 'ሁለተኛ እንዳትመጪ' አልኳት።"

እንደገና ተሳቀ። እሱ አልሳቀም።

"አልመጣችም። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ተጫወትኩ፤ አንድ ቀን እንኳ አልመጣችም።"

ሰሚራ ሳንድዊቿን አስቀምጣ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

"ለምን ዋሸሽኝ?" አልኳት።

"ብነግርሽ ተይ ትይኛለሽ።"

እውነቷን ነው፤ እላት ነበር። "የዛሬ ሳምንት ጌም አለን" አለችኝ። "ከፈለግሽ ነይ። ግን ፕሊስ፣ ማሚ፣ ሜዳ አትግቢ።"

ከዚያ ወዲህ የቀረሁበት ቅዳሜ ጥቂት ነው። ልጄ ስትወድቅ አሁንም ልቤ ይሰነጠቃል፤ ይህን አልደብቅም። ባለፈው ግን ሰሚራ አንዷን ወፍራም ልጅ ወገቧን ይዛ መሬት ላይ ዘረጋቻት። አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ዞሮ አየኝ። ለካ ብድግ ብዬ "አትልቀቂያት! እንዳትለቂያት!" እያልኩ እየጮኽኩ ነው። ስንቱን ጠበኛ ሳስታርቅ የኖርኩ ሴት! አፈርኩ። ሰሚራ ግን ከመሬት ተነስታ ወደ እኔ ስትስቅ ሳያት፣ ከፊተኛው አብልጬ ጮኽኩ።